ሂካ የተባለው ልጅ

ኦኔሲሞስ ነሲብ ሲባል አብዛኞቻችን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙ ሰው መሆናቸውን ሰምተናል። እኔም ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር። ታሪካቸውን ማንበብ ስጀምር ግን ከልጅነታቸው ላይ መላቀቅ አቃተኝ።

የተወለደው (ልጅ ሳለ አንቱ ማለት ስለሚከብደኝ ነው) በ1850ዎቹ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልኝ። ወላጆቹ ሂካ ብለው ስም አወጡለት፤ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። ግሱ በኦሮምኛ መተርጎምም ነው፣ የታሰረን መፍታትም ነው። እኛም በአማርኛ እስረኛም ሕልምም እንፈታ የለ?

ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። በ1869 ገደማ ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥለው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ከአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። መንገዱን ካርታ ላይ በጣታችሁ ተከተሉት። ለልጅ እግር አይደለም ለበቅሎም ረጅም ነው። ከምጽዋ በኋላ የሚቀረው መርከብ ነበር፤ ባሕሩን ቢሻገር ኖሮ ዛሬ ስሙን የምናነሳበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ቆንስል ነፃ አውጥቶ፣ ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ለነበሩ የስዊድን ሚሲዮናውያን አስረከበው። ልጁ ፊደል ቆጠረ፣ ትምህርቱን ወደደ፣ በ1872 በትንሣኤ ዕለት ተጠመቀ። ኦኔሲሞስ የተባለውም ያን ጊዜ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ ኦኔሲሞስ ከጌታው የጠፋ ባሪያ ነው፤ ጳውሎስ እንደ ወንድም ተቀበለው ብሎ መልሶ ይልከዋል። እምነት የልጁን ቁስል በአንድ ጀንበር ሻረው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ ሳይ፣ ወደ ተነጠቁበት ሕዝብ የመመለስ ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ የለቀቃቸው አይመስለኝም።

ሚሲዮኑ ስቶክሆልም ወደሚገኘው የዮሐንሉንድ ሴሚናሪ ላካቸውና አምስት ዓመት ተማሩ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፤ ይህን እኛ እናውቀዋለን። ተመልሰው ምሕረት ኃይሉን አገቡና ወዲያው ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። በሱዳን በኩል ዞረው አሶሳ ቢደርሱም ማለፍ አልተቻለም። ወደ ካርቱም ሲመለሱ 1882 ነበር፣ የማህዲስቶች አመፅ ተነሥቷል። ሁለተኛው ጉዞ እንጦጦ ድረስ አደረሳቸው፤ አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናውያንን ስላልፈቀዱ ከዚያም ተመለሱ። አገሩ ካልተገባ መጽሐፉ ይግባ ያሉ ይመስል፣ በ1886 እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን መተርጎም ጀመሩ።

እዚህ ላይ ነው እኔን የነካኝ ነገር። ስሙ ተርጓሚ የሆነው ሰው ቋንቋው አልበቃቸውም! በልጅነታቸው ተነጥቀው ሌላ ቋንቋ ሲማሩ ያደጉ ናቸውና የእናታቸው ቋንቋ ሳስቶባቸዋል። አያቴን በስልክ ሳናግር ቃል ጠፍቶኝ ዝም የምልበትን ጊዜ አስታወሰኝ። እርሳቸው ግን አፍረው ዝም አላሉም፤ ከሚያውቅ ሰው ተማሩ። ያም ሰው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። እርሷም በባርነት ተሸጣ ባሕር ልትሻገር ስትል የጣሊያን ባሕር ኃይል አስጥሏት እምኩሉ የደረሰች ናት። ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላትን ሰበሰበች፣ አምስት መቶ ያህል ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከአእምሮዋ አውጥታ ጻፈች፣ የአዲስ ኪዳኑን ትርጉም አቃናች። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፣ በ1894 ለጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ተከተለ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና ላይ ታተመ። ኦሮምኛው የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። የኦኔሲሞስ ስም በተነሣ ቁጥር የአስቴር አብሮ አለመነሣቱ ትክክል አይመስለኝም።

በ1904 ወለጋ ገቡ። ከተነጠቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗል። ነቀምት ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው፣ ትምህርት ቤትም ተከፈተ፣ አስቴርም አስተማረች። ስብከታቸው ከካህናቱ ጋር አላስማማቸውም። በ1906 ክሱ አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ደረሰና እንዲባረሩ ተወሰነ። አፄ ምኒልክ ግን ውሳኔውን አሻሽለው፣ ነቀምት ይመለሱ፣ አይስበኩ አሉ። እርሳቸውም ሳይከራከሩ ማስተማሩን ያዙ። አሥር ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆይተው በ1916 ልጅ ኢያሱ መስበክ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም።

ኦኔሲሞስ ሰኔ 1931 ነቀምት ላይ አረፉ። ሁሩሙ ከዚያ ሩቅ አይደለም።