ካርሎ ኮሎዲ፤ ከጨረሰ በኋላ የቀጠለው ደራሲ

ስለ ልቦለድ ሴራ ሲነሳ ግጭት ይጀምራል፣ ይከርራል፣ ይጦዛል፣ ከዚያም ይረግባል እንላለን። ታዲያ ግጭት መክረር ማለት ችግር በችግር ላይ መደራረብ ብቻ ነው እንዴ? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከ“ፒኖኪዮ” ደራሲ ከካርሎ ኮሎዲ ሕይወት ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ትክክለኛ ስሙ ካርሎ ሎሬንዚኒ ሲሆን በ1826 በጣሊያን፣ ፍሎረንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመኳንንት ቤት ምግብ አብሳይ፣ እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ኮሎዲ የእናቱ መንደር ስም ነው፤ እሱ የብዕር ስም አደረገው። በ1848 ጣሊያኖች ከኦስትሪያ ጋር ሲዋጉ በፈቃደኝነት ዘመተ፤ በዚያው ዓመትም የስላቅ ጋዜጣ አቋቋመ። ፊቱን ወደ ልጆች ያዞረው ግን 50 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ በ1875 የፈረንሳይ ተረቶችን እንዲተረጉም ሥራ ተሰጠው።

በጁላይ 1881 “የአንድ አሻንጉሊት ታሪክ” በሮም በሚታተም የልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ መውጣት ጀመረ። ድሃው ጄፔቶ ከእንጨት ጠርቦ የሠራውን ፒኖኪዮን ለማስተማር ኮቱን ሸጦ የፊደል መጽሐፍ ይገዛለታል። ልጁ ደግሞ መጽሐፉን ሸጦ ቲያትር ያይበታል። ጥፋት ጥፋትን እየጎተተ በ15ኛው ምዕራፍ ወንበዴዎች ለአራት የወርቅ ሳንቲም ብለው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። ኮሎዲ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሰ። በቃ፣ ሞተ!

አንባቢ ልጆች ግን መች እሺ አሉ! አዘጋጆቹም ጎተጎቱት፤ በፌብሩዋሪ 1882 ቀጠለ። እስቲ ልብ እንበል፦ ፒኖኪዮ በመዋሸቱ አፍንጫው የሚረዝመው በ17ኛው ምዕራፍ ነው። ሰው መሆን እንደሚፈልግ የሚናገረው በ25ኛው፣ አባቱን በግዙፉ ሻርክ ሆድ ውስጥ የሚያገኘው በ35ኛው ነው። ሦስቱም ከተሰቀለ በኋላ የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ፍጻሜ ቁርጥ ያለ ነው፣ ለልጅም ትምህርት ይሰጣል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አልስማማም። በእነዚያ 15 ምዕራፎች ችግር ሞልቷል፤ አቅጣጫ ግን የለም። ያጠፋል፣ ይቀጣል፣ ደግሞ ያጠፋል። ምኞቱ ከታወቀ በኋላ ግን እያንዳንዱ ፈተና አንድ ጥያቄ ያስነሳል፦ አሁን ሰው ወደ መሆን ቀረበ ወይስ ራቀ? ግጭቱን የሚያከርረው ይኼ ነው። በመጨረሻው በ36ኛው ምዕራፍ ፒኖኪዮ ለራሱ ኮት መግዣ ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ ታማለች ለተባለችው ባለውለታው፣ ሰማያዊ ፀጉር ላላት ምትሃተኛ ሴት ይልካል። ሰው የሚሆነውም ከዚህ በኋላ ነው። የአባቱ ኮት በ8ኛው ምዕራፍ የተሸጠው ለካ ለዚህ ኖሯል!

ሥራው በ1883 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ ኮሎዲ በ1890 እዚያው ፍሎረንስ አረፈ። ለልጆች ልንጽፍ የምናስብ ሁሉ ገፀ ባሕርያችን ላይ ሌላ መከራ ከመጨመራችን በፊት ምን እንደሚመኝ ብንጠይቀው ይበጃል እላለሁ።