ቀዩ እጣቢና የቀጥቃጩ ልጅ

የማይክል ፋራዴይ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ኤሌክትሪክን ነው። እኛ ግን በዚህ ገጽ ልናወሳ የወደድነው ሊደፋ ስለሚገባው አንድ ጠርሙስ እጣቢ ነው።

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 ለንደን አጠገብ ከአንድ ድኻ ብረት ቀጥቃጭ ተወለደ። ማንበብና መጻፍ፥ ጥቂትም ሒሳብ ከተማረ በኋላ፥ በ14 ዓመቱ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊለምድ ገባ። በዚያም ሰባት ዓመት ሲቆይ ለጥረዛ ከሚመጡት መጻሕፍት ብዙዎቹን እያነበበ ራሱን አስተማረ። በ1812 የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት አዳምጦ፥ የጻፈውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት። በ1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆነ። በ1831 ደግሞ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የቆሙበትን ሕግ አገኘ።

በ1856፥ ዕድሜው 64 ሲሆን፥ እጅግ ስስ የወርቅ ሽፋን ከተሠራ በኋላ የተረፈው እጣቢ ፈዘዝ ያለ ቅላት እንዳለው አየ። አልደፋውም። ብርሃን በሌንስ ሰብስቦ ቢያሳልፍበት የብርሃኑ መንገድ በፈሳሹ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ። ስለዚህ ቅላቱ በዓይን ከማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች የመጣ ነው ብሎ ደመደመ፤ በ1857ም ለሮያል ሶሳይቲ አስረዳ። ጨው ሲገባበት ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥ፥ ጄላቲን ሲጨመርበት ግን ቀለሙ እንደሚጸና ተመለከተ። ቅንጣቶቹን የሚያሳይ መሣሪያ በዘመኑ ስላልነበረ፥ በዓይኑ ሳያያቸው በ1867 ሞተ።

ፋራዴይ ወርቁን ከጨዉ ያላቀቀው በፎስፈረስና በካርቦን ዳይሰልፋይድ ነበር፤ ይህም መርዛማና ቶሎ የሚቀጣጠል ነው። ዛሬ ግን ተመራማሪዎች ሳርጋሰም የተባለውን የባሕር አረም በውሃ ቀቅለው ያጠሉና ጭማቂውን ከወርቅ ጨው ጋር ያዋህዱታል። በአረሙ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ወርቁን ከጨዉ ያላቅቁታል፤ ዝልግልጉም ቅንጣቶቹን ሸፍኖ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ፈሳሹም እንደዚያ እጣቢ ይቀላል። ጄላቲኑ ለፋራዴይ የሠራውን፥ አረሙ ዛሬ ይሠራዋል።

ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነት ሁለት ጊዜ ቢቀርብለት አልቀበልም አለ። ከጠርሙሶቹ ጥቂቶቹ ቅላታቸውን ሳይለቁ እስከ ዛሬ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጠዋል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ቅንጣቶቹን መለካት አንችልም። ነገር ግን ቀጥቃጭና ሸማኔ በስድብ ስም ሲጠሩ እየሰማን አድገናል። የቀጥቃጭ ልጅ ነው ተብሎ አንድ ሕፃን ከትምህርት ቤት በር ቢመለስ፥ ከእርሱ ጋር ምን እንደምንደፋ ልናስብበት ይገባናል።