ሰማይን አይቶ ምድራችንን የለካው አንቷን ዳባዲ

የአንድን አገር ተራራና ወንዝ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዐይኑን ወደ ምድር እንጂ ወደ ሰማይ ማንሣት የሚያስፈልገው አይመስልም። ነገር ግን ካርታ ባልነበረበት ዘመን አንድ ተጓዥ የቆመበትን ቦታ በትክክል ለማወቅ የነበረው መንገድ ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን መጠየቅ ነበር። በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የምንማራቸው የምድር መሽከርከር፣ የጨረቃ ጉዞና የፀሐይ ግርዶሽ ለብዙዎቻችን የፈተና ጥያቄዎች ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ እነዚህን ትምህርቶች በአገራችን ተራሮች ላይ በሥራ ያዋለ የአንድ ሊቅ ታሪክ ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለክለሳ ቢጠቅም ብለን አቅርበናል። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንቷን ዳባዲ በ1810 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ በፈረንሳይና በእስፓኝ ድንበር ከሚኖረው ከባስክ ሕዝብ ወገን ሲሆን እናቱ የአየርላንድ ተወላጅ ነበረች። ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ስለ ነበር ያደገውና የተማረው በዚያ ነው። ገና በወጣትነቱ ወደ አፍሪካ ውስጠኛ ክፍል ለመግባት ስላሰበ፣ ሳይንስንና ቋንቋን እያጠና፣ ሰውነቱንም በእግር ጉዞ እያለማመደ ብዙ ዓመት ተዘጋጀ። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን ማግኔታዊ ኃይል እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው፤ በዚያም የመለካትን ሥራ በሚገባ ተለማመደ።

በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባና ጎንደር ደረሰ። ዘመኑ የዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ነበር፤ በየአውራጃው ልዩ ልዩ ገዢ ስለ ነበረ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር ደጅ መጥናትና ፈቃድ ማግኘት ግድ ነበር። አንቷን ግን ገና ከጅምሩ ሌላ ችግር አየ። ይዞአቸው የመጣው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ የሚበቁ አልነበሩም። በዚህም ጊዜ ባለው መሣሪያ ግምቱን ጽፎ ከመሄድ ይልቅ ያን ሁሉ መንገድ ወደ አውሮፓ ተመልሶ የተሻሉ መሣሪያዎች ይዞ በ1840 ዳግመኛ ምጽዋ ገባ። ለአንድ ትክክለኛ ቁጥር ሲል ባሕርና በረሃ ሁለት ጊዜ ማቋረጡ ጠባዩን በደንብ ያስረዳል።

አሁን ሥራው ምን እንደ ነበረ እንመልከት። የአንድ ቦታ አድራሻ በምድር ላይ በሁለት ቁጥሮች ይነገራል፤ እነርሱም ኬክሮስና ኬንትሮስ ናቸው። ኬክሮስ ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደ ራቀ በዲግሪ የሚገልጽ ነው። ምድር በዛቢያዋ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ከዋክብት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ይመስለናል። በዛቢያው ሰሜናዊ ጫፍ አቅጣጫ የሚገኘው የሰሜን ኮከብ ግን ከስፍራው የሚነቃነቅ አይመስልም። ይህ ኮከብ በምድር ወገብ ላይ ለቆመ ሰው በአድማስ ላይ ይታያል፤ በሰሜን ዋልታ ለቆመ ሰው ደግሞ በአናቱ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ኮከቡ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ በዲግሪ ሲለካ የቦታውን ኬክሮስ ይሰጣል። በጎንደር ከፍታው 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ያህል ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በምድር ላይ 111 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ጎንደር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ ያለ መንገድ ልኬት እናውቃለን። ሆኖም ኮከቡ በትክክል በዋልታው ላይ አይደለም፤ በዳባዲ ዘመን ከዋልታው አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ይርቅ ነበር። ይህን ሳያስተካክል የሚያሰላ ሰው ቦታውን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊያዛንፈው ይችላል።

ኬንትሮስ ግን ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። ምድር 360 ዲግሪ በ24 ሰዓት ስለምትዞር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃም አንድ ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት የቆምንበት ቦታ ሰዓትና የፓሪስ ሰዓት ቢታወቅ ልዩነቱ ኬንትሮስን ይነግረናል። ዛሬ ይህን ለማወቅ ስልክ ይበቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ ገደል የሚወጣና የሚወርድ የእጅ ሰዓት ፓሪስ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ለወራት በታማኝነት ሊናገር አይችልም ነበር። ዳባዲ ስለዚህ ሰማይ ላይ ያለችውን ሰዓት፣ ጨረቃን፣ ተጠቀመ። ጨረቃ ምድርን ስትዞር በየሰዓቱ የራሷን ስፋት ያህል በከዋክብት መካከል ወደ ምሥራቅ ትጓዛለች፤ በመንገዷም ያገኘችውን ኮከብ ትሸፍነዋለች። ኮከቡ የተሸፈነበትን ደቂቃና ሴኮንድ መዝግቦ አስቀድሞ ከተሰላ ሰንጠረዥ ጋር በማስተያየት የፓሪስን ሰዓት ማግኘት ይቻላል። ሥራው ብዙ ስሌት ይጠይቃል፤ ደመና አንድ ጊዜ ከሸፈነም ሌሊቱ በከንቱ ያልፋል።

ጥቂት ቦታዎችን በከዋክብት ካጸና በኋላ የቀሩትን በተራሮች አያያዛቸው። ከአንድ ኮረብታ ላይ ማዕዘን መለኪያ መሣሪያውን ተክሎ የሚታዩትን ተራሮች ሁሉ አቅጣጫ በዲግሪ ይጽፋል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ኮረብታ ሄዶ እነዚያኑ ተራሮች እንደ ገና ይለካል። ሁለቱ መሥመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የተራራው ቦታ ነው። የቦታን ከፍታ ለማወቅም ውኃ አፍልቶ ሙቀቱን ይለካ ነበር፤ ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። ከብዙ ኮረብቶች ላይ ሲለካ ብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ይታይ ነበር፤ ብረትና መስተዋት ተክሎ ወደ ተራራ የሚመለከት እንግዳ ሰው ምን እንደሚሠራ ለመንደር ሰዎች ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ዐይኑንም ክፉኛ ታሞ ነበር፤ ለከዋክብት ተመልካች ከዚህ የሚብስ ሥጋት የለም። ቢሆንም ሥራውን አልተወም።

በ1843 ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጉዞ የእናርያ ገዢ ከነበረው ከአባ ባጊቦ ዘንድ ደረሰ። አባ ባጊቦ በዚያን ጊዜ ከከፋ ንጉሥ ቤት ሊያገባ ነበርና ዳባዲ ከሰርጉ መልእክተኞች ጋር ወደ ከፋ ተሻገረ። በ1846 ደግሞ ከወንድሙ ጋር ወደ ግቤ ምንጭ ተመልሶ ሄደ። የነጭ ዓባይ ምንጭ የት እንደ ሆነ ያን ጊዜ የዓለም ሊቃውንት ትልቅ ጥያቄ ነበረ። ወንድማማቾቹ የግቤን ምንጭ ሲያዩ የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘን ብለው ለአውሮፓ አስታወቁ።

ይህ ግን ስሕተት ነበር። ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ አጥብቆ ተከራከረው፤ እስከ ከፋ መሄዱንም እንኳ ተጠራጠረ። ዳባዲም ለብዙ ዓመታት ሐሳቡን ይዞ ተሟገተ። በ1862 ጆን ስፒክ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። በ1896 ደግሞ ጣልያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ ወርዶ ወደ ቱርካና ሐይቅ መግባቱን አረጋገጠ። ግቤ የሚፈስሰው ወደ ኦሞ ስለ ሆነ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለም። ታዲያ ያን ያህል ጠንቃቃ የሆነ ሰው እንዴት ተሳሳተ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። የግቤን ስፍራ በመሣሪያ ለክቶታል፤ ወንዙ ወርዶ የት እንደሚደርስ ግን ሄዶ አላየውም። የለካው ሲጸና የገመተው ወደቀ። በኋላ የመጡ ተጓዦችም ያየውንና የለካውን ነገር እውነትነት መስክረውለታል።

በ1848 ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ የሰበሰበውን ልኬት ማስላትና ማሳተም ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ፈጀበት። የኢትዮጵያን የመሬት ልኬት የያዘው መጽሐፉ ከ1860 እስከ 1873 ታተመ። ከአገራችን የሰበሰባቸውን 234 የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በ1859፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን ደግሞ በ1881 አወጣ። ከብራናዎቹ መካከል ሊቃውንቶቻችን በዓላትንና የጨረቃን ዕድሜ የሚያሰሉባቸው የዘመን አቆጣጠር ጽሑፎች ይገኛሉ። መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

ሰማይን መመልከቱንም አልተወም። በ1851 ወደ ኖርዌይ፣ በ1860 ወደ እስፓኝ ሄዶ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ተመለከተ። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ ሲሆን ሙሉው ጥላ የሚያርፈው በጠባብ መንገድ ላይ ስለ ሆነ ለማየት ወደዚያው መጓዝ ያስፈልጋል። እኛም ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ አካባቢ የቀለበት ግርዶሽ ሲታይ በአዲስ አበባ ፀሐይ በከፊል ተሸፍና ማየታችን በዚሁ ምክንያት ነው። በ1882 ደግሞ በ72 ዓመቱ አትላንቲክን ተሻግሮ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ወደ ሄይቲ ሄደ። ይህ ነገር ከተለያዩ የምድር ክፍሎች ሲለካ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የፀሐይን ርቀት ለማስላት ይረዳ ነበር፤ ዳግመኛ የሚታየው በ2117 ስለ ሆነ የዛሬዎቹ ተማሪዎች አናየውም።

በባስክ ምድር፣ በኦንዴ ከተማ አጠገብ፣ በባሕር ዳር ያሠራው አባዲያ የተባለ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሞአል። በግድግዳው የኢትዮጵያ ኑሮ ሥዕሎችና የእኛ ፊደል ይታያሉ፤ በውስጡም የከዋክብት መመልከቻ አለ። ዳባዲ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚጎብጥ ለመመርመር፣ በሩቅ ያለው የላሩን ተራራ ጫፍ በቴሌስኮፕ እንዲታየው፣ የግንቡን ግድግዳዎች አከታትሎ አስበሳ። ሙከራው አልሰመረም። እርሱም ቀዳዳውን ደፍኖ ነገሩን ከመሸሸግ ይልቅ ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ በዚያው ቀዳዳ ላይ አስጻፈ። በግቤ ነገር ለመቀበል የከበደውን እዚህ በድንጋይ ላይ አኖረው።

ከ1867 ጀምሮ አባል የሆነበትን የሳይንስ አካዳሚ በ1892 በፕሬዚዳንትነት መራ። ግንቡንና ርስቱንም በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅበት በማለት ለአካዳሚው አወረሰ። በመጋቢት 1897 በ87 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈና በግንቡ ጸሎት ቤት ተቀበረ። መመልከቻው እስከ 1975 ድረስ ሲሠራ ቆየ።

ዳባዲ አገራችንን ሲለካ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም ነበር፤ እኛ የምንኖርበት የኢምፔሪያልና የቦሌ ሰፈርም ሜዳ ነበረ። ዛሬ የመንገዱና የአውሮፕላን ማረፊያው መብራት ብዙዎቹን ከዋክብት ቢሰውርብንም ሰማዩ ያው ነው። በበጋ ጥርት ባለ ሌሊት ወደ የካ ተራራ አቅጣጫ ብንመለከት፣ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ክንዳችንን ዘርግተን የጨበጥነው ጡጫ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ለመለኪያ ይበቃል። በሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ደግሞ በግቢያችን ቀጥ ያለ ዘንግ ብናቆም፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሲሆን ጥላው ጨርሶ ይጠፋል፤ ፀሐይ በአናታችን ላይ ትሆናለችና። በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ከ25 መሆኑ ደግሞ የኬንትሮስ ትምህርት ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው ለ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን አዲስ አበባ ግን በ38 ዲግሪ ከሦስት አራተኛ ላይ ናት። ልዩነቱን በ4 ደቂቃ አባዝቶ ያገኘ ተማሪ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው።

በእንጦጦ ተራራም እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ በ2019 መጨረሻም የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ወደ ጠፈር ተልካ ነበር። ስለዚህ ይህን ምድር ከሰማይ ጋር አስተያይቶ የመለካት ሥራ ከእንግዳ እጅ ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ እየገባ ነው። ይህን ሥራ የሚረከቡት ዛሬ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ከዳባዲ ሕይወት የምንወስደው ምክር አንድ ነው፤ ያየነውን እንለካ፣ የለካነውን እንጻፍ፣ ያልለካነውን ግን እንደ ተለካ አድርገን አንናገር።