የጀርመን መምህር የተባለው ፊሊፕ ሜላንክቶን

ስለ ታላላቅ ሰዎች በሚጻፍበት ጊዜ ስማቸው አዘውትሮ የሚነሣው ጦር የመሩ፣ አገር ያቀኑ ወይም ባሕር ተሻግረው አዲስ ምድር ያገኙ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ዘንድሮ በመጽሔታችን ላይ ስለ አንድ አስተማሪ ልጽፍ ፈቀድሁ። ምክንያትም አለኝ። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ወደ ፊት ስለምንይዘው ሥራ ስንጫወት፣ አስተማሪ መሆን እፈልጋለሁ የሚል ሰው ቢገኝ ሌላው ሁሉ የተሳነው እየመሰለ ይሣቅበታል። ከሚሣቅባቸው አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ በተለይም ወላጆቻችን፣ የዚህን ሰው ሕይወት በትዕግሥት እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ፊሊፕ በ1497 በደቡብ ጀርመን ብሬተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ለመሳፍንት የጦር ጥሩር የሚሠራ አንጥረኛ ነበረ። በ1508 አያቱና አባቱ በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ስለ ሞቱ፣ ልጁ በዐሥራ አንድ ዓመቱ አባት አልባ ሆነ። ነገር ግን በዕብራይስጥና በግሪክ ዕውቀቱ የታወቀው ሊቅ ዮሐንስ ሮይክሊን ዘመዱ ነበረና አቀረበው፤ መጻሕፍትም ሰጠው። የቤተ ሰቡ ስም ሽቫርትሰርት ትርጉሙ ጥቁር አፈር ስለ ሆነ፣ ሮይክሊን በዘመኑ ሊቃውንት ልማድ ወደ ግሪክ መልሶ ሜላንክቶን አለው። ልጁ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1511፣ በዐሥራ አራት ዓመቱ፣ የመጀመሪያውን ዲግሪ ተቀበለ። ቀጥሎ የማስተር ዲግሪ ቢጠይቅ ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ ተከለከለ። እርሱም ወደ ቱቢንገን ሄዶ በ1514 ከዚያ ተቀበለ።

የዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነበረ። ያቋቋመው በ1502 የሳክሶኒ መስፍን ጠቢቡ ፍሬድሪክ ሲሆን፣ ማርቲን ሉተር በዚያ መጽሐፍ ቅዱስን ያስተምር ነበር። መስፍኑ የግሪክ ቋንቋ መምህር ሲፈልግ ሮይክሊን የዘመዱን ልጅ መርጦ ላከለት። በ1518 በኦገስት ወር የሃያ አንድ ዓመቱ ፕሮፌሰር ከተማው ሲገባ፣ የተቀበሉት ሰዎች ባዩት ነገር ደስ አላላቸውም። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ አንደበቱም ጥቂት የሚይዘው ነበረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ስለ ወጣቶች ትምህርት መሻሻል የመክፈቻ ንግግሩን አደረገ። የንግግሩም ዋና አሳብ፣ ተማሪ ሰው ስለ መጽሐፍ የተናገረውን ከመድገም ይልቅ ቋንቋውን ተምሮ ከራሱ ከመጽሐፉ፣ ከምንጩ፣ ይጠጣ የሚል ነበረ። ያን ቀን የሰውነቱን ማነስ ሁሉም ረሳው። በዕድሜ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚበልጠው ሉተር ራሱ ከእርሱ ግሪክ ይማር ጀመር። በኋላም ሉተር ወደ ጀርመንኛ የተረጐመውን ሐዲስ ኪዳን ሁለቱ አብረው አርመውት በ1522 ታተመ።

በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ትምህርቱን ለመስማት የሚሰበሰበው ሕዝብ አምስት መቶ ያህል ደረሰ። ሰዋስው፣ ሆሜር፣ ታሪክ፣ የአርስጣጣሊስ የሥነ ምግባር ትምህርት፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ይህ ሁሉ በእርሱ እጅ ነበረ። ይልቁንም እኔን የገረመኝ ይህን ያህል ዝና ካገኘ በኋላ ለትንንሾቹ መጨነቁን አለመተዉ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ዝግጅት የጐደላቸውን ልጆች በገዛ ቤቱ ሰብስቦ ዐሥር ዓመት ያህል አስተማረ። ከእነርሱም በግጥም ብልጫ ያሳየው የገበታው ንጉሥ ተብሎ የቅጠል አክሊል ይደፋለት ነበር። ጀርመንኛ የማይሰሙ የሃንጋሪ ተማሪዎች የእሑዱን ስብከት ሊከታተሉ ባልቻሉ ጊዜ፣ እሑድ እሑድ ወንጌሉን በላቲን ይተረጕምላቸው ጀመር። እንደሚነገረውም አንድ እንግዳ ሊጠይቀው ቤቱ ቢገባ፣ በአንድ እጁ የሕፃን አልጋ እያወዛወዘ በሌላው መጽሐፍ ይዞ ሲያነብ አገኘው።

በ1528 ለሳክሶኒ ትምህርት ቤቶች በወጣው ደንብ ተማሪዎች በሦስት ክፍል እንዲመደቡ አደረገ፦ ማንበብ የሚጀምሩ፣ ሰዋስው የሚማሩና ከእነዚህ የላቁ። ሕፃናትም በብዙ ቋንቋና በብዙ መጽሐፍ እንዳይጨነቁ መምህራኑን አስጠነቀቀ። የእኛን የመጻሕፍት ቦርሳ ቢያነሣው ምን ይል እንደ ነበረ እንጃ!

ከዚሁ ቤት ደጃፍ ላይ የእኛ አገር ሰውም ቆሞ ነበር። በ1534፣ ኢትዮጵያ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በግራኝ ጦርነት ስትቃጠል ሳለች፣ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ዊተንበርግ ድረስ መጥቶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ። ሲመለስም በጁላይ 4 ቀን የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ከሉተር ተቀበለ። ከዚያ ሁሉ አገር አቋርጦ ከመጣ ሰው ጋር በትሕትና ተቀምጦ መወያየቱን ሳነብ፣ ሜላንክቶንን የበለጠ ወደድሁት።

አሁን ወደ ከባዱ ዘመን እመጣለሁ። ሉተር በ1546 ሞተ። በዚያው ዓመት በንጉሠ ነገሥቱና በፕሮቴስታንት መሳፍንት መካከል ጦርነት ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ተማሪውም ተበተነ። ሜላንክቶን ቤተ ሰቡን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ ሲሰደድ፣ ባሏን ተከትላ ወደ ሩቅ አገር የሄደችው ልጁ አና በ1547 ሞተችበት። የቀድሞው መስፍን ተማርኮ ዊተንበርግ ለአዲስ ገዥ ተሰጠች። የተማረከው መስፍን ልጆች ሜላንክቶን ወደ እነርሱ መጥቶ በዬና አዲስ ትምህርት ቤት እንዲያቆም ፈለጉ። በዚያ ክብርም ወዳጅም ይጠብቀው ነበር። እርሱ ግን ወደተዘጋው ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፤ ክፍሎቹንም አስከፈተ። ስለዚህ ሥራው ብዙ ሰዎች ጌታውን የከዳ አድርገው ሰደቡት። ይባስ ብሎም ንጉሠ ነገሥቱ ባዘዘው የሃይማኖት ሥርዓት ላይ ለሰላም ሲል አንዳንድ ነገር ለመልቀቅ በተስማማ ጊዜ፣ የጽሑፍ ዘመቻውን ከመሩበት አንዱ ገና ተማሪ ሳለ የረዳውና በኋላ በዚያው በዊተንበርግ የዕብራይስጥ መምህር የሆነው ማትያስ ፍላኪዮስ ነበረ። በሃይማኖት ክርክሩ ማን ልክ እንደ ሆነ ለመፍረድ ዕውቀቱም ዕድሜውም የለኝም። ወደ ዊተንበርግ በመመለሱ ግን እፈርድለታለሁ፤ መምህር ያለ ተማሪ ምን ሊያደርግ ኖሯል?

ያስተማራቸው ልጆች በጀርመን አገር ሁሉ ትምህርት ቤት ከፍተው ስለ ነበረ የጀርመን መምህር የሚል ስም ወጣለት። ራሱ ግን ዶክተር አልተባለም፤ ቅስናም አልተቀበለም።

በ1560 በማርች ወር ከላይፕሲግ ሲመለስ በመንገድ ብርድ መታው። ትኩሳት ይዞትም ቢሆን ሊሞት ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ማስተማሩን አልተወም። ሞትን ለምን መፍራት እንደማይገባው በቁራጭ ወረቀት ላይ ምክንያቶቹን ጽፎ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ከሃይማኖት ሊቃውንት የቍጣ ጭቅጭቅ መገላገሉ ነው። በኤፕሪል 19 ቀን በስድሳ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። በቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሉተር መቃብር ትይዩ ተቀበረ። በ1536 የተሠራለት ቤት ዛሬም በዊተንበርግ ቆሟል፤ ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል።