የንግሥቲቱ አደስ

እናቶቻችን ወቅጠው፣ ከቅቤ ጋር ለውሰው ፀጉር የሚቀቡትን አደስ የማያውቅ ያገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ይኸው ተክል ከ1858 ጀምሮ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሙሽሮች እቅፍ አበባ ውስጥ እንደሚገባ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ የመጣው ከንግሥት ቪክቶሪያ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቪክቶሪያ በ1819 ለንደን ውስጥ ተወለደች። ዓመት ሳይሞላት አባቷ ሞተ። በ1837፣ በ18 ዓመቷ፣ ነገሠች። ንግሥትን ደፍሮ አግቢኝ የሚል የለምና፣ በ1839 ጀርመናዊውን የአጎቷን ልጅ አልበርትን ለጋብቻ የጠየቀችው ራሷ ናት። ሰባት ቤት ለምንቆጥር ለእኛ ይከብዳል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ነውር አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1840 ስታገባ ዘውድ አልደፋችም። ነጭ ሐር ለብሳ፣ የዳንቴል ዓይነ ርግብ አድርጋ፣ በራሷ ላይ የብርቱካን አበባ ጉንጉን አሰረች። ነጭ ቬሎ ከዚያ በፊትም ይለበስ ነበር፤ በየአገሩ የተስፋፋው ግን በአብዛኛው የእርሷን አይቶ ነው። ብርቱካንስ ለምን? ዛፉ ቅጠሉን አያራግፍም፤ አበባና ፍሬም በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ስለዚህ ንጽሕናንና መውለድን አንድ ላይ ያመለክታል ይባል ነበር። አልበርትም በዚሁ አበባ አምሳል የወርቅ ጌጥ እያሠራ ይሰጣት ጀመር። በ1846 የሰጣት ጉንጉን አራት ትንንሽ አረንጓዴ ብርቱካኖች አሉበት፤ አራት ልጆቻቸው መሆናቸው ነው። ልጆቹ በኋላ ዘጠኝ ደረሱ። ለልጇ ከጻፈቻቸው ደብዳቤዎች እንደሚታወቀው ቪክቶሪያ እርግዝናን አጥብቃ ትጠላ ነበር። እንግዲህ የብርቱካኑ ምልክት ለእርሷ ምርቃት ብቻ አልነበረም ባይ ነኝ።

አደሱ የመጣው በ1845 ነው። ጀርመን አገር ጎታ ከተማ በሄደች ጊዜ የአልበርት አያት እቅፍ አበባ ሰጠቻት፤ ውስጡ አደስ ነበረበት። ጀርመኖች አደስን የሙሽራ ተክል ያደርጉታል፤ የጥንት ግሪኮችም የፍቅር አምላክ ለሚሏት ለአፍሮዳይት ይሰጡት ነበር። ንግሥቲቱና ባሏ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ላይ ኦዝቦርን የተባለውን ርስት ገዝተው ነበርና አደሱ እዚያ ተተከለ። ከቀንበጥ የጸደቀ ተክል የእናቱ ትክክለኛ ቅጂ ነው፤ ከዘር እንደሚበቅለው አይደባለቅም። ይህ ለእኔ ከምልክቱ በላይ ይገርመኛል።

በ1858 የመጀመሪያ ልጇ በ17 ዓመቷ ለፕሩሲያው ልዑል ስትዳር አደስ በእቅፏ ይዛ ወጣች። በ1861 ግን አልበርት በ42 ዓመቱ ሞተ። ንግሥቲቱ ጥቁር ለበሰች፤ እስክትሞት ለ40 ዓመት ያህል አላወለቀችም። በጋብቻዋ መታሰቢያ ቀን የምታደርጋቸው የብርቱካን አበባ ጌጦችም ቀሩ። በ1862 ሁለተኛ ሴት ልጇ አሊስ የተዳረችው ኦዝቦርን ውስጥ በምግብ አዳራሽ ነው፤ ሰርግ ሳይሆን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

ከመቅደላ በኋላ ወላጆቹን ያጣው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም በ1868 ለንግሥቲቱ የቀረበው በዚሁ በኦዝቦርን ነው። አዝናለታለች፤ አገሩን ግን ዳግም አላየም። በ1879፣ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። በዚያ ባዕድ ግቢ ውስጥ ያገሩ እናቶች ፀጉር ሽታ ያለው አንድ ተክል ነበረ።

ቪክቶሪያ በ1901 ኦዝቦርን ውስጥ አረፈች። አስቀድማ ባዘዘችው መሠረት ጥቁሩ ቀርቶ ነጭ አለበሷት፤ የ1840ውን ዓይነ ርግብም ፊቷ ላይ አደረጉላት። ከኦዝቦርኑ አደስ በ1947 ለኤልሳቤጥ፣ በ1981 ለዳያና፣ በ2011 ለኬት እቅፍ አበባ ቀንበጥ ተቆርጧል።