ከአባት ቤት የተወረሰ ቀለም፦ የሰዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት

እኛ በአቃቂና በቃሊቲ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሰዎች፣ አንድ ቅዱስ ሥዕል በፊታቸው አኑረን እንዲገለብጡ እናዛቸዋለን። ከመስመሩ የወጣውንም እናርማለን። ዳሩ ግን ቅርስ ማውረስ ማለት ይህ ብቻ ነውን? ጥያቄው የአንድ ታላቅ ሰዓሊን ሕይወት እንድናስታውስ አነሣሥቶናል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ የግዕዝ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ቀለምን በመጀመሪያ ያወቀው ከአባቱ እጅ ነው። በዚያ ቤት ቀለም የቅዱስ ቃል አገልጋይ ነበረ።

ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር፣ በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብን ተማረ። ወደ አገሩም ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ የአፍሪካዊ ጥበብ መልኩ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄም የዘመኑ ጥያቄ ነበር። በዚያው ዓመት ገብረ ክርስቶስ ጎልጎታ የተሰኘውን ሥዕሉን ሠራ። የጌታችን ስቅለት በዚህ ሥዕል የቀረበው በጥንቱ የአሣሣል ሥርዓት አይደለም፤ ሕማሙን የሚናገረው ደም የመሰለው ቀይ ቀለም ነው።

እንዲህ ያለውን ረቂቅ አሣሣል የባዕድ ነው ብለው የነቀፉ አልጠፉም። እኛ ግን በሥዕሉ የአባቱን ቤት እናያለን፤ መልኩ ተለወጠ እንጂ ቀለሙ ያንኑ የመስቀል ምሥጢር አገልግሏልና። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ።

በደርግ ዘመን ከአገሩ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት ዐረፈ። አገሩን በዓይነ ሥጋ ዳግመኛ አላያትም። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሥነ ጥበብ ማዕከል በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጅ በቤቱ ያየውን ይዞ ይሄዳል። የእኛ ድርሻ መልካሙን በፊቱ መሥራት ነው። የተቀበለውን በራሱ እጅ ሲያቀርብ ከመስመሩ ቢወጣ፣ ለማረም ከመቸኮላችን አስቀድሞ ምን ሊነግረን እንደ ፈለገ እንጠይቀው።