አስን የቆጠሩት የመድን ሰው

ኢስሊ ብላክውድ እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ አላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ ተወለዱ። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ግን በኢንዲያናፖሊስ ሲሆን፣ በዚያም በሜትሮፖሊታን የሕይወት መድን ኩባንያ በኃላፊነት አገልግለዋል።

በብሪጅ ጨዋታ ከ13ቱ ዙሮች 12ቱን ወይም ሁሉንም ለማሸነፍ መዋዋል «ስላም» ይባላል። ከአራቱ አሶች ሁለቱ በባላጋራ እጅ ከሆኑ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ይፈርሳል። ብላክውድ እ.ኤ.አ. በ1933 ለዚህ አደጋ መከላከያ ቀየሱ። በጨረታው አንዱ ተጫዋች «አራት ኖ ትራምፕ» ሲል አጋሩ በአምስተኛው ደረጃ ከታች ወደ ላይ የአሶቹን ብዛት ያስታውቃል። ሐሳቡን በብዕር ስም ለአንድ የታወቀ የብሪጅ መጽሔት ቢልኩም ተቀባይነት አላገኘም፤ ሆኖም ከተጫዋች ወደ ተጫዋች እየተላለፈ ዓለምን አዳረሰ።

ዘዴው የሚፈተነው ባላጋራ ከጥያቄው በኋላ ጨረታውን ከፍ አድርጎ የመልሱን መንገድ ሲዘጋ ነው። ለዚህም ተጫዋቾች ሌላ ስምምነት አበጁ፤ አስ የሌለው «ደብል» ይላል፣ አንድ ያለው ያልፋል፣ ሁለት ያለው ቀጣዩን እርከን ይጠራል። ስለዚህ ማለፍም ራሱን የቻለ መልስ ሆነ።

ብላክውድ ከእ.ኤ.አ. 1968 እስከ 1971 የአሜሪካ ኮንትራክት ብሪጅ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ስማቸው ግን ውል ከመግባት አስቀድሞ አደጋን መመዘን ለሚገባው ሁሉ፣ በጨዋታውም በመድን ሥራም፣ መታሰቢያ ሆኖ ይኖራል።